አሥራ አንድ፣ አረንጓዴ

ጥር 6

አሥራ ስምንተኛውን ሞተር ዛሬ ገጠምኩ። አለቀ። ጣቴ ላይ ሁለት አዲስ ጠባሳ፣ ቱታዬ ጉልበት ላይ አንድ ቀዳዳ... ሌላ ጉዳት የለም።

ለራሴ ማስታወሻ ይሁን። የባቡር ማሠልጠኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የሞዴል ክፍል ዘጠኝ ሜትር ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጣቢያ፣ አንድ ድልድይ፣ ክንድ የማያክሉ ባቡሮች፣ አሥራ ስምንት የሐዲድ መቀየሪያ። ሠልጣኞቹ እውነተኛ ባቡር ሳይነኩ በፊት እዚህ ይሳሳታሉ። እስከ ዛሬ መቀየሪያው የሚቀየረው በጣት ነበር። አሠልጣኙ ጋሼ ጠረጴዛውን እየዞሩ፣ ጎንበስ ብለው ተንቀሳቃሹን የሐዲድ ምላስ በአውራ ጣታቸው ገፋ... ባቡሩ ወደ ቀኝ። መለስ... ቀጥ። አሁን ግን መስኮቱ ሥር ካለው ሰሌዳ ፊት ቁጭ ብሎ ቁልፍ መጫን ነው። አንዴ ሲጫኑት ስድስት ሜትር ርቆ ያለው ምላስ ጠቅ ብሎ ይዞራል። ድጋሚ ሲጫኑት ይመለሳል። እያንዳንዷን ሽቦ የዘረጋሁት እኔ።

ጋሼ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው አዩት።

«ከሩቅ የሚታዘዝ ሐዲድ...» አሉና ተዉት።

«ከሩቅ የሚታዘዝ ሐዲድ ምን?»

«ምንም። በርቺ።»

ሁለት ዓመት ሠርቼ «በርቺ»። ላስነጠሰ ሰው «ይማርህ» እንደማለት።

አዲስ ረዳትም መጣች። ድምፅዋ ጥጥ። ሠልጣኞቹ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ለስላሳ» ብለው ሰየሟት። ኃላፊው ሁለታችንን ጠርቶ ነገረን፦ መጋቢት ላይ አንድ ቋሚ የአሠልጣኝነት ቦታ አለ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ። ይሁን። ለስላሳ ጋዙ እስኪወጣ ነው።

ጥር 9

ጋሼ ሰሌዳው ላይ ሲቀመጡ ወንበር አስመጥተው አጠገባቸው አስቀመጧት። እሷን። እኔ ጠረጴዛው ሥር ተኝቼ ሽቦ አስራለሁ። ከታች የሚታየኝ አራት ጫማ ነው። ሁለቱ የእሳቸው፣ ሁለቱ የእሷ።

ሰሌዳውን የሠራ ሰው ሰሌዳው ላይ አይቀመጥም እንዴ?

ጥር 14

«ልጄ» አሏት። ሁሉም ሰው ሰማ። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ሰው» ነው የሚሉኝ።

ጥር 20

የእኔ ሰሌዳ አይዋሽም። በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ሌላ ሰው ቢሠራው መብራቱን ከቁልፉ ጋር ያገናኘው ነበር። ቁልፉ ተጫነ፣ መብራቱ በራ፣ ሐዲዱ ይዙር አይዙር ማን ያውቃል? እኔ ግን ከእያንዳንዱ ምላስ ሥር ትንሽ መነካኪያ አስገባሁ። መብራቱ የሚናገረው ሰው ያዘዘውን ሳይሆን ሐዲዱ የሆነውን ነው። ቀጥ ካለ አረንጓዴ፣ ከዞረ ቀይ። ይህንን ለማድረግ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

እሷ ምን ሠራች? ታንሾካሹካለች።

ደንብ አለን። ባቡር ከመነሳቱ በፊት ሰሌዳው ላይ ያለ ሰው መብራቱን በጣቱ እያመለከተ ጮክ ብሎ ይጠራል፤ «ሰባት፣ አረንጓዴ። ስምንት፣ ቀይ።» ዓይን ቢሰንፍ አፍ ይቀሰቅሰዋል ይላሉ ጋሼ። አሁን እሳቸው ከመጥራታቸው በፊት እሷ ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ሥር የሆነ ነገር ትላለች። ከዚያ ይጠራሉ። ሠልጣኞቹ ይጠቃቀሳሉ።

በረንዳው ላይ ያዝኳት።

«ምንድን ነው የምትነግሪያቸው?»

«የግል ነው።»

«ሰሌዳ ላይ የግል የለም።»

«ለአንቺ የለም ይሆናል» አለች፣ ፈገግ ብላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህች ዓይነቷ ነው።

ጥር 27

ንዴቴ አልበረደም። ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚላከውን ሪፖርት ኮፒ ማሽኑ ላይ አገኘሁት። «የርቀት መቆጣጠሪያ ሰሌዳ» ይላል። አዘጋጅ፦ የእሷ ስም። ረዳት፦ የእኔ። ከታች የጋሼ ፊርማ፣ ያ ጅራቱ የሚረዝመው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ይዤው ገባሁ።

«ጋሼ፣ ይህንን አንብበው ነው የፈረሙት?»

«አንብቤ ነው።»

«ሰሌዳውን ማን ሠራው?»

«አንቺ።»

«ታዲያ ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ወረቀት ብዙ ይላል።»

«ለምን?»

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወለወሉ፣ መልሰው አደረጉ። «እሷ እዚህ መቅረት አለባት። አንቺ ሌላም ቦታ ታገኛለሽ። ጥርስ አለሽ።»

ጥርስ አለሽ... ጥርስ ያለው ሰው ይራብ ማለት ነው?

በንዴት እዚህ ገጽ ላይ «እሱ» ብዬ ልጽፋቸው ሞከርኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ይህም አናደደኝ።

የካቲት 2

እህቴ ቀሚስ እየሰፋች ሁሉንም አስተፋችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፣ መርፌ አፏ ውስጥ ይዛ ታወራለች።

«አንቺ እንዲህ እንደምትነድጂ ባውቅ ምድጃ አልገዛም ነበር» አለች።

«ቀልድ አይደለም።»

«ቀልድ አላልኩም። ያናደደሽ ስምሽ ነው ወይስ ልጅቷ?»

«ስሜ።»

«እንዲያ ከሆነ ለምን የእሷን ጫማ ቀለም ሦስት ጊዜ ነገርሽኝ?»

የተማርኩት እኔ፣ የምትመረምረው እሷ።

እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ? ሁለቱም ነው። ስሜም፣ እሷም። ጋሼ አጠገብ ያለችው ያቺ ወንበር ታቃጥለኛለች። አሁን በዚህ ሰዓት ምን እየተባባሉ ይሆን እያልኩ ጥርሴን ሳፋጭ እውላለሁ።

ግን አንድ ነገር አገኘሁ። የደንብ መጽሐፉ፣ አንቀጽ አራት፦ «ሰሌዳ ፊት አንድ ሰው ብቻ ይቀመጣል። ከጎን የሚናገር አይኖርም።» ጋሼ ራሳቸው ሰኞ ሰኞ ሠልጣኞቹን በቃል የሚያስጠኑት ነው።

ነገ ለኃላፊው እጽፋለሁ። የፊታችን ለእንግዶች በሚቀርበው ሠርቶ ማሳያ ላይ ደንቡ ይከበር እላለሁ። ማን ምን ይለኛል? ደንብ ነው።

የካቲት 5

ኃላፊው ደብዳቤዬን ተቀበለ። «ትክክል ነሽ፣ እንግዶች ፊት መንሾካሾክ ያሳፍራል» አለ። በስብሰባ ነገራቸው። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ያለ የሌለ አቧራ ጠረጉ።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ክፍል ውስጥ ካቻቢቴ ስፈልግ ለስላሳ መጣችና በሩን ዘጋች።

«ደብዳቤውን መልሺው።»

«ለምን?»

«መልሺው ብቻ። እለምንሻለሁ።»

«ምክንያት ንገሪኝ፣ እመልሰዋለሁ።»

«ቃል ገብቻለሁ። አልችልም።»

ቃል። ከእሳቸው ጋር ቃል አላት። ያንን ስሰማ ደብዳቤውን በወርቅ ቀለም ደግሜ ብጽፈው አልጠላም ነበር።

«እንግዲያውስ ቃልሽን ያዢ» አልኳት።

የካቲት 11

የምጽፈው እንዳልረሳው ሳይሆን እንዳላቀለው ነው...

እንግዶቹ ስምንት ነበሩ። ጋሼ ብቻቸውን ተቀመጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ተላጭተው። ለስላሳ ግድግዳው ሥር፣ እኔ በሩ ጋ። እውነቱን ልናገር... ደስ ብሎኝ ነበር። ከወንበሯ ተነስታ እንደ እኔ ቆማ ሳያት።

የመጀመሪያው ባቡር ሄደ። እያንዳንዱን መብራት አመልክተው ጠሩ፣ ልክ። ሁለተኛውም ልክ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጋሼ ዞር ብለው ኃላፊውን ሲያናግሩ አንዲት ግራጫ ሱፍ የለበሰች እንግዳ «ይቺን ልንካት?» ብላ የአሥራ አንድን ቁልፍ ተጫነች። ምላሱ ጠቅ አለ። መብራቱ ቀይ ሆነ። አየሁ። ምንም አልመሰለኝም፤ መብራቱ ፊት ለፊት ነው፣ ማንም ያየዋል።

ጋሼ ተመለሱ። ሦስተኛው ባቡር፣ ስድስት ፉርጎ የሚጎትተው ረጅሙ። ጣታቸውን ዘረጉ።

«አሥር፣ አረንጓዴ። አሥራ አንድ፣ አረንጓዴ።»

አሥራ አንድ ቀይ ነበር። ጣታቸው ቀዩ ላይ ነበር። አረንጓዴ አሉት።

ለስላሳ አፏን ከፈተች። ኃላፊው በእጁ ዝም አሰኛት። አንቀጽ አራት።

ባቡሩ ወደ ጎን መስመር ገባ፤ እዚያ የቆሙትን ፉርጎዎች ገጭቶ ከጠረጴዛው ገፋቸው። አራቱ ወለሉ ላይ ወደቁ። እንዴት ያለ ትልቅ ድምፅ... መጫወቻ ለሚያክል ዕቃ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምንድን ነው? ሽቦዬ አዋረደኝ፣ አሥራ አንድ ዋሸ። ሮጬ ሄጄ መብራቱን አየሁ፣ ምላሱን አየሁ። ቀይ፣ የዞረ። ሰሌዳዬ እውነቱን ተናግሯል።

ከዚያ የጋሼን ፊት አየሁ። ገባኝ።

የካቲት 12

አልመጡም። ለስላሳን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። አሁን ቃሉ ፈርሷል መሰለኝ፣ ነገረችኝ።

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ቀይ ሽቦ ያቀብሉኝ አልኳቸው። አረንጓዴ አቀበሉኝ። አባቴም ቀይና አረንጓዴ አይለይም ነበር፣ አወቅሁ። ምንም ሳልል ቀዩን ራሴ ወሰድኩ። እሳቸውም እንዳወቅሁ አወቁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሦስት ዓመት። የዓይን ነርቭ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁሉንም መቀየሪያ ቀጥ አድርጌ እተውላቸዋለሁ። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደተጫኑ በሆዳቸው ይቆጥራሉ። ሲጠፋባቸው እነግራቸዋለሁ።»

ሲቆጥሩ... እንግዳዋ አንዴ ተጫነች። ቁጥሩ ተዛባ።

«በጣት ሲገፉ ግን...»

«በጣት ሲገፉ ቀለም ምን ያደርግላቸዋል? ምላሱን ያዩታል እኮ። አንቺ ነሽ ከሐዲዱ አንስተሽ መብራት ፊት ያስቀመጥሻቸው።»

ለስላሳ ተብዬዋ። እንደ ምላጭ ነው የተናገረችው።

«ስሜን መስረቅስ?» አልኳት። «እሱም ለዓይናቸው መድኃኒት ነው?»

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ቦታውን እኔ ካገኘሁ አጠገባቸው እቆያለሁ። እሳቸው ያሰቡት እሱን ነው። እኔ እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሥራውን ፈልጌዋለሁ።»

ቢያንስ አልዋሸችም። ጠላኋት፣ ግን አልዋሸችም።

የካቲት 13

እና እኔስ? ሁለት ዓመት አብሬያቸው ውዬ ለምን አላየሁም? እሷ በአንድ ቀን።

በዚህም ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት።

የካቲት 17

ኃላፊው ጠራኝ። አዲስ ወረቀት አዘጋጅቷል።

«እዚህ ጋ ፈርሚ። ለአንቺም ጥሩ ነው።»

አነበብኩ። «ሰሌዳው እንከን የለበትም። አደጋው የደረሰው በአሠልጣኙ የዓይን ጉድለትና ጉድለቱን በመደበቃቸው ነው።» ከታች፦ ሰሌዳውን የሠራችው። ስሜ። ብቻውን። ያለ ረዳት፣ ያለ ማንም።

«ይህ ከሄደ እሳቸው ምን ይሆናሉ?»

«ይሰናበታሉ። ደብቀዋል እኮ። አንቺ ቋሚውን ቦታ ታገኛለሽ።»

«እሳቸው እውነተኛ ባቡር ከነኩ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። የሚያስተምሩት በሞዴል ነው።»

«ደንብ ነው» አለ። የራሴን ቃል መለሰልኝ።

እስከ ሰኞ ላስብበት አልኩ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አሁንም አውጥቼ አየሁት። ስሜ ብቻውን ሲጻፍ እንዴት ያምራል...

እውነት ነው ደግሞ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። የሰረቁኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ? ታዲያ ምን ያዘኝ?

የካቲት 19

ዛሬ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ቁልፉን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ዘጠኙን ቀጥ፣ ዘጠኙን ዞር አደረግኳቸው። ሰሌዳውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አደረግኩት።

አሥራ ስምንት አመዳም ነጥብ። ሁሉም አንድ ዓይነት።

አገላብጬ አየሁት። የትኛው ቀጥ ነው፣ የትኛው ዞሯል? የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አላወቅሁም።

እንከን የለበትም?

የካቲት 21

የኃላፊውን ወረቀት ሳልፈርም መለስኩ። የራሴን ሰጠሁት። ግማሽ ገጽ ናት።

«ሰሌዳውን ያሰብኩት፣ የሠራሁትና የዘረጋሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቀደም ሲል የተላከው ሪፖርት ስህተት ነው። ሰሌዳው ጉድለት አለበት። የሐዲዱን አቋም በቀለም ብቻ ይናገራል፤ ቀለም መለየት የማይችል ሰው ከተቀመጠበት አይናገረውም። ጉድለቱ ከእኔ ነው። በአንድ ወር አስተካክለዋለሁ።» ፎቶውን አያያዝኩ።

ኃላፊው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ራስሽን ነው እኮ የከሰስሽው።»

«ሥራዬን ነው። የእኔ ስለሆነ።»

«ቦታውን ራስሽ ገፋሽው፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። ስሜን ግን በትክክል ይጻፉልኝ።»

ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። አላለቀስኩም። ውሃ ነው።

የካቲት 24

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ቲማቲም እየለቀሙ አገኘኋቸው።

«ይቅርታ ልትጠይቂ ነው?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አይደለም። እርስዎ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ዛገ በር ነው።

«አንቺ ሰው፣ ያንን ሰሌዳ ስትሠሪ ዝም ብዬ አይሽ ነበር። አንድ ሽቦ ባሰርሽ ቁጥር ከሐዲዱ አንድ እርምጃ ትወስጂኛለሽ። ስትጨርሺ እኔም እንዳለቀልኝ አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለአንቺ? ለነገሩሽ ሁሉ መፍትሔ አለሽ። በማግስቱ ካቻቢቴ ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ መፍትሔ አልፈለግሁም። ዝም የሚል ሰው ነው የፈለግሁት።»

ይቺ ወጋችኝ። እውነት ስለሆነች።

«ስሜንስ?»

ቅርጫቱን አስቀመጡ። «ስምሽን ሰርቄሻለሁ። ፈርቼ ነው። ፍርሃት ግን ሌብነትን አያጥብም። ጥፋተኛ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኩም። ገና ነው።

ቲማቲም በሰሃን አቀረቡልኝ። ግማሹ ጥሬ ነው። ዝም ብዬ በላሁት። እኔም ዝም ማለት እችላለሁ።

መጋቢት 5

ሰሌዳው ተፈታ። ቀይና አረንጓዴ አምፖሎቹን ነቀልኳቸው። በየቁጥሩ ሁለት ቀጭን መስኮት ቆረጥኩ፤ አንዱ ቀጥ ያለ መስመር፣ አንዱ ያጋደለ። መብራቱ ነጭ ብቻ። ሐዲዱ ቀጥ ሲል ቀጡ ይበራል፣ ሲዞር ያጋደለው።

ለስላሳ ሳትጠራ መጣች። መበየጃውን አነሳች።

«አልጠራሁሽም።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ ስድስት አምፖል ነው፣ ለብቻሽ ፋሲካ ይደርስብሻል።»

«ብየዳሽ ያስጠላል።»

«ያንቺም ምላስ።»

እስከ አሥር ሰዓት ሠራን። ብየዳዋ እውነትም ያስጠላል። አምስቱን ደግሜ በየድኩት። እሷ ሳታይ... አይ፣ እያየች ነበር።

መጋቢት 16

ውጤቱ ተለጠፈ። ቋሚው ቦታ ለእሷ። ለእኔ የስድስት ወር ኮንትራት፣ ሰሌዳውን ጨርሼ እንድንከባከብ። ጋሼ ተግሣጽ ተጽፎባቸዋል። ለጊዜው ከስንብት ያዳናቸው የእኔ ግማሽ ገጽ ነው ይላሉ፣ መቆየታቸው ግን በአዲሱ ሰሌዳ ከተፈተኑ በኋላ ይወሰናል።

እህቴ «እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ ልተው?» አለች። ተይው አልኳት።

አዎ፣ ቀንቻለሁ። ቦታው የእኔ ነበር። የተስተካከለው ሪፖርት ስሜን ይዟል፣ ኮፒውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ግን ወረቀት ላይ አይቀመጡበትም።

መጋቢት 23

የጋሼ ፈተና ዛሬ ነበር። ኃላፊው፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ፈታኝ፣ ሠልጣኞቹ ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው።

ጋሼ ብቻቸውን ተቀመጡ። ፈታኙ ሐዲዶቹን እንዳሻው አዘበራረቀ፤ መብራቶቹን በወረቀት ከልሎ፣ ማንም ሳያይ። በሆድ መቁጠር አይሠራም። ከዚያ «ይጥሩ» አላቸው።

ጣታቸውን ዘረጉ። ቆዩ።

«አንድ፣ ቀጥ። ሁለት፣ ቀጥ። ሦስት፣ ዞሯል።»

ድምፃቸው እየሰፋ ሄደ። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። ማንም ጆሯቸው ሥር አላጎነበሰም። አሥራ ስምንቱንም ልክ ጠሩ። ረጅሙ ባቡር ዘጠኝ ሜትሩን ዞሮ ጣቢያው ላይ ቆመ። ፈታኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ጨበጣቸው።

ዞር ብለው በዓይናቸው ፈለጉኝ። አገኙኝ። ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

ለስላሳ በሩ ጋ ቆማለች። እጇን የምታስቀምጥበት አጥታ አንዴ ኪሷ፣ አንዴ ክንዷ ላይ። ቋሚ አሠልጣኝ ናት፣ ባጅ አንጠልጥላለች። ዓይኗ ግን ከጋሼ ጀርባ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ ሳየው ነበር።

ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ትንሽ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ ወንበር ሳብኩላት።

«እግርሽ አልደከመም?»

«አልደከመኝም» አለች።

አልለመንኳትም። ወንበሩን ግን አልመለስኩትም።